የሌሊት ወፎቹና ሸሚዜ

ሪያድ ውስጥ የሌሊት ወፍ የት እንደሚኖር የሚያውቀው ፀሐይ ስትጠልቅ ከቤቱ የሚወጣ ሰው ነው። ኢቃማውን፣ ያቺን የመኖሪያ ወረቀት፣ ኪሱ ከትቶ በቀን በሰፊው መንገድ የሚንጎራደድ አያያቸውም። እኔ ለዓመታት ከመግሪብ በኋላ የምንቀሳቀስ ሰው ስለነበርኩ መኖሪያቸውን ሁሉ አውቅ ነበር። ትልልቆቹ፣ ፍሬ የሚበሉት፣ ከሀብታም ግቢ ቴምር ላይ አይጠፉም፤ ነጩን አጥር በኩሳቸው ሲያዥጎረጉሩት ያድራሉ፣ በማግስቱ የምታጥበው አንዷ እህታችን ናት። ትንንሾቹ፣ ከአውራ ጣት እምብዛም የማይበልጡት፣ በፈረሱ የጭቃ ቤቶች ጣሪያ ሥር፣ ከሱቅ ማስታወቂያ ጀርባ፣ ደግሞም አሮጌ የመስኮት ማቀዝቀዣ ተነቅሎ ቀዳዳው በቀረበት ሁሉ ይገባሉ። የምንኖርበት ሰፈር፣ መንሱራ፣ እንደዚህ ያለ ቀዳዳ ሞልቷል። አንዱ ከእኔ ፍራሽ በላይ ነበር።

ቀዳዳውን ከእኛ በፊት የነበሩት ተከራዮች ከውስጥ በኩል በኮምፔንሳቶ ዘግተውታል። ከውጭ በኩል ግን ክፍት ነው። በሁለቱ መካከል ያለችው ጠባብ ቦታ የእነሱ ቤት ናት። ቀን ቀን ትንሽ ይንጫጫሉ፣ ግድግዳውን ይቧጥጣሉ፣ ከዚያ ይተኛሉ። ሲመሽ ተራ በተራ ይወጣሉ። ሽታቸው ደስ አይልም፤ ስለዚህ ከክፍሉ መጥፎው ቦታ እሱ ነው፣ መጥፎው ቦታ ደግሞ መጨረሻ ለመጣ ነው። መጨረሻ የመጣሁት እኔ ነበርኩ።

ቤቱን ለአራት ሰው ብለን ነው የተከራየነው። ስንት እንደሆንን ሃሪሱ፣ የሕንፃው ጠባቂ፣ እንዳያውቅብን ተራ በተራ ነበር የምንወጣና የምንገባው። ጫማ በር ላይ አናስቀምጥም፣ ጮክ ብለን አንስቅም። አብዛኞቻችን ወረቀት የለንም። ያ ቤት ከተነቃብን የሚቀጥለው ተርሂል ነው፣ ወደ አገር የሚጠርዙበት እስር ቤት። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አያነሳውም።

ከእኔ አጠገብ የሚተኛው ከወሎ፣ ከባቲ በኩል የመጣ ሰው ነው። ሥራው ልስን ነው። እጁ ሁልጊዜ በሲሚንቶ የተሰነጣጠቀ፣ አፉ ግን የማር ወለላ። የሌሊት ወፎቹ ሲንጫጩ “ተዋቸው ወንድሜ፣ እነሱም ኢቃማ የላቸውም፣ ቀን ወዴት ይውጡ?” ይል ነበር። ክፍሉ በሙሉ አፉን በእጁ አፍኖ ይስቃል።

እኔ ፀጉር ቆራጭ ነኝ። ደብረ ሲና ትንሽ ቤት ነበረችኝ፣ መስታወቷ የተሰነጠቀ፣ ስሟ ግን ትልቅ። ሪያድ ስመጣ ቶንዶሴን በልብስ ጠቅልዬ ነው ያመጣሁት። ወረቀት የሌለው ሰው ሳሎን ገብቶ በመስታወት ፊት ሲቀመጥ ደጁን እያየ ነው የሚቆረጠው፤ አንገቱን ይገትራል፣ እንዲህ ያለ አንገት ደግሞ ለመቁረጥ አይመችም። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ወደ እኛ ይመጣሉ። አንድ ባልዲ ገልብጬ አስቀምጣቸዋለሁ። በጊዜው ኮሮና ገብቶ ሳሎኖቹ ተዘግተው ከርመው ነበርና እውነት ለመናገር እንደዚያ ዘመን ተከብሬ አላውቅም። ሰው ጭንቅላቱን ሲሰጥህ ልቡንም ይሰጥሃል፤ የሚስቱን ነገር ይነግርሃል፣ የአሠሪውን ክፋት ይነግርሃል። እኔም ትንሽ እኮራ ነበር። ንጽሕና እወዳለሁ፤ የሌላው ካናቴራ ሲሸት ለመናገር የማላፍር ሰው ነበርኩ።

የጀመረኝ ከጎድኔ ሥር ነው፣ በግራ በኩል። መጀመሪያ ትኩስ ዘይት የፈሰሰብኝ ይመስል አቃጠለኝ። ቀጥሎ ቀላ፣ ቀጥሎ ውኃ የቋጠሩ ብጉሮች ተደርድረው ወጡ፣ ከጀርባ ተነስተው ወደ እምብርት የሚሄዱ። ሽንት ቤት ገብቼ በስልኬ መብራት አየሁት። አልማዝ ባለጭራ ናት። በእኛ አገር ማን የማያውቃት አለ? የሌሊት ወፍ የሸናችበትን ሰው ነው የምትይዘው ይባላል። ደግሞ ጭራዋ ወገብን ዞራ ከራሷ ጋር ከገጠመች ሰውየው አለቀለት ይባላል። እኔ የምተኛው የት ነው? ጠያቂም መላሽም አላስፈለገም።

ለማንም አልተናገርኩም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ሰምቼ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ግን ሐፍረቱ በለጠብኝ። ጊዜው ራሱ የሌሊት ወፍ ስም የከፋበት ነበር፤ ስልካችን ላይ የሚመጣው ሁሉ ኮሮናን ከእነሱ ጋር ያያይዛል። የሌሊት ወፍ የሸናችበት ፀጉር ቆራጭ! ማን ነው ራሱን የሚሰጠው? በዚያ ሙቀት ሁለት ካናቴራ ደርቤ እንቀሳቀስ ጀመር። በርዶኛል እላለሁ። ሪያድ፣ በዚያ ወር፣ በርዶኛል!

ዓርብ ደረሰ። አንድ በሰናኢያ፣ በኢንዱስትሪው ሰፈር፣ ፋብሪካ የሚሠራ ልጅ ባልዲው ላይ ተቀምጦ ግማሽ ራሱን ጨርሼለት ወደ ሌላኛው ጎን ልዞር ክንዴን ሳነሳ ጎኔን እሳት ወጋኝ። ቶንዶሱ ከእጄ ወደቀ። ለማንሳት ስጎነበስ ካናቴራዬ ወደ ላይ ተሰበሰበና ቁስሉ ታየ። ልጁ በትንሿ መስታወት አየኝ። ከዚያ ዞሮ በዓይኑ አየኝ። አንገቱ ላይ ያሰርኩለትን ጨርቅ ፈትቶ፣ አጣጥፎ፣ ባልዲው ላይ አስቀምጦ ተነሳ። ምነው በሰደበኝ። ግማሽ ራሱ የተቆረጠ ሰው ጨርቅ አጣጥፎ ሲሰጥህ ምን ትለዋለህ? ተራ ይጠብቁ የነበሩትም አንዱ ስልክ ተደወለልኝ፣ ሌላው ዕቃ ረሳሁ እያለ ወጡ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ያን ዕለት ከሰዓት የቤቱ ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ቤቱን በስማቸው የተከራዩልን፣ ኢቃማ ያላቸው ሽማግሌ መሃል ተቀመጡ። አንዱ “ጋሼ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ወንድማችን ሌላ ቦታ ቢያርፍ ምን ይመስልዎታል?” አለ። ሌላ ቦታ እንደሌለ እሱም ያውቃል። ጋሼ ጢማቸውን ያሹ ጀመር። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ከልቤም ትክክል ናቸው ብዬ አምን ነበር።

የወሎው ሰው ነው የተናገረው። “ያ ጀመዓ፣ ምን ነካችሁ? የሸናችው እሷ፣ የሚባረረው እሱ? እሷን ነው ማስወጣት!” አለ። ከዚያ ወደ እኔ መጣና ሰው ሁሉ እያየ ካናቴራዬን ገልቦ ጎኔን በጣቱ ለካ። አልተጸየፈም። “አብሽር፣ አይዞህ፣ ገና ሩቅ ናት። ከእምብርትህ አልደረሰችም። የወፏን ቤት እንዘጋባታለን፣ ያኔ አልማዝም ትቆማለች” አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሥራ ሲመለስ እጁን ታጥቦ መጀመሪያ የሚያየው የእኔን ጎን ነው። “የት ደረሰች?” ይላል። እኔ እንደ ሕፃን ልብሴን እገልባለሁ። ወንድ ልጅ እንዲህ ሆኖ ሲታይ ምን ያህል እንደሚያፍር የደረሰበት ያውቀዋል። ግን እሱ ሳያየኝ መተኛት አልችልም ነበር።

በሚቀጥለው ዓርብ ከጁምዓ ሰላት ሲመለስ ከሥራ ቦታው የተረፈ ሲሚንቶ በፌስታል ይዞ መጣ። ቤታችን የመጨረሻው ፎቅ ላይ ስለነበር ቀዳዳው ከሰገነቱ ጥቂት ዝቅ ይላል። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ቃጠሎ፣ መንሱራ ውስጥ ውሻ እንኳ አይታይም፤ ሰዓቱን የመረጠው ለዚህ ነው። ሰገነቱ ላይ በሆዱ ተኝቶ፣ ሁለት ሰው እግሩን ይዞለት፣ ክንዱን ዘርግቶ የውጭውን ቀዳዳ ደፈነው። እኔ ከሥር ሆኜ ሲሚንቶው ሲለጠፍ እሰማለሁ። ከኮምፔንሳቶው ጀርባ ትንሽ ተንጫጩ፣ ከዚያ ዝም አሉ። ጋሼ “እነሱስ? ውስጥ አይደሉም እንዴ?” ሲሉ ሰማሁ። “ውስጥ ናቸው። አልማዝም አብራ ትቀበር!” አለ የወሎው ሰው እየሳቀ።

ሲወርድ ሸሚዙ በላብ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል። ክንዱ በጋለው ግንብ ተቃጥሎ ቀልቷል። “ኸላስ፣ ተገላገልክ” አለኝ። ሰው ሁሉ ጀርባውን መታ መታ አደረገው። ለመጀመሪያ ጊዜ ጎኔ የቀለለኝ መሰለኝ፤ ደስታዬን አልደብቅም።

ማንም ያላሰበው ነገር ቢኖር አንድ ነው። የሌሊት ወፍ ማታ መውጣት አለባት። የውጭው በር ከተዘጋ ወደ ውስጥ ትመጣለች።

መግሪብ ተሰግዶ ሰው ከመስጊድ መውጣት ሲጀምር መቧጠጥ ተሰማ። እንደ ወትሮው አይደለም። ኮምፔንሳቶው ራሱ ይንቀጠቀጣል። ከላይ በኩል፣ ጣሪያው ጋ፣ ጣት የምታስገባ ክፍተት ነበረች። አንዷ በእሷ በኩል ወጣችና ክፍሉን ዞረች። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ ፈሰሱ። ፊታችንን በክንፋቸው እየጠረጉ ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳሉ። አሁን ሳስበው ከእኛ ይልቅ የደነገጡት እነሱ ነበሩ። ያኔ ግን በእያንዳንዳችን ልብ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንዳትሸናብኝ! አንዱ ብርድ ልብስ ተከናነበ፣ አንዱ ድስት ራሱ ላይ ደፋ። ጋሼ “ተረጋጉ!” እያሉ ከሁሉ ቀድመው በሩን ከፈቱ።

ያን ጊዜ ሆነ። በሰው ፊት ላለመታየት ዓመታት የተጠነቀቅን ሰዎች ደረጃውን እየዘለልን አደባባይ ወጣን። በሽርጥ ያለ አለ፣ በፓንት ያለ አለ፣ ያ ድስት የደፋው ድስቱን አላወለቀም። ሰው ከመስጊድ እየወጣ ነው። የሱቁ የመናዊ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ቀረ። ሃሪሱ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ በጣቱ እየጠቆመ ይቆጥረናል፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ስልኩን አውጥቷል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ።

እኔ ከወገቤ በላይ ራቁቴን ነበርኩ። ለቁስሉ ነፋስ ይሻለዋል ብዬ ልብሴን አውልቄ ተኝቼ ነው የመጣው ሁሉ የመጣው። ያ የደበቅኩት ነገር በመንገድ መብራት ሥር፣ ከመስጊድ በሚወጣ ሕዝብ ፊት ተሰጣ። በሁለት እጄ ጎኔን አቅፌ ከግድግዳው ጋር ተለጠፍኩ። አንድ አባት ልጃቸውን በእጃቸው ከልለው አለፉ። ከዚያ በፊትም በኋላም እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

የወሎው ሰው አየኝ። አጠገቤ ነበር፣ በባዶ እግሩ። ዓይኔን አየ፣ እጄን አየ። “ቆይ፣ ሸሚዝህን ላምጣልህ” አለ። እንዲሄድ አልጠየቅኩትም። ተው ለማለትም አፌን ስከፍት ወደ ውስጥ ገብቷል። በዚህ መሃል ከመስጊዱ ጥግ ዶርያው፣ የፖሊስ ጥበቃ መኪናው፣ መብራቱን እያሽከረከረ ቀስ ብሎ መጣ። ግርግሩ ምንድን ነው ሊል ነው የመጣው፣ ሌላ ነገር አልነበረውም። የእኛ ሰው ግን መብራቱን ሲያይ እንደ ተበተነ ጤፍ በየጎዳናው ፈሰሰ። እኔን አንዱ በክንዴ ጎትቶ ከሱቁ ጀርባ ባለች ጠባብ መተላለፊያ አስገባኝ።

ከዚያ ሆኜ በሩን አያለሁ። ወጣ። ሸሚዜን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ እኔ የቆምኩበትን ግድግዳ እያየ። እኔን ነበር የሚፈልገው፣ ፖሊሶቹን አላያቸውም። አንደኛው “ኢቃማ?” አለው። መኪናው ውስጥ ሲያስገቡት አልታገለም። ሸሚዜ እንደተንጠለጠለ አብሮት ሄደ።

ቤቱን በማግስቱ ለቀቅን። ሃሪሱ ጋሼን ዕቃቸውን ሲያስወጣ “መስኮቱን ብቻ ብትከፍቱላቸው ሁሉም ይወጡ ነበር፤ እኔ ከፈትኩት፣ ወጡ” ብሏቸዋል። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ አልሳቁም፣ አልወቀሱኝምም። ማንም አልወቀሰኝም። የበተንኳቸው ሰዎች አንድ በአንድ እየደወሉ “ተሻለህ ወይ?” ይሉኛል። ከወቀሳ ይልቅ እሱ ያቃጥላል።

ሺፋ በሚባል ሰፈር የአንድ ቪላ ጠባቂ የሆነ ያገሬ ልጅ ክፍሉን አካፈለኝ። ቁስሉ ሲያሰቃየኝ ፋርማሲ ይዞኝ ሄደ። ፋርማሲስቱ ሱዳናዊ ነበር፣ ረጋ ያለ ሰው። ልብሴን ገልቤ አሳየሁትና በተሰባበረ አረብኛ የሌሊት ወፍ ሸንታብኝ ነው አልኩት። ሳቁን ዋጠ። በልጅነትህ በሽታ ይዞህ ነበር ወይ ብሎ በእስክሪብቶው ጫፍ ክንዱን ነጥብ ነጥብ አደረገ። ጉድፍን ነው የሚለኝ። አዎ፣ በሰባት በስምንት ዓመቴ ጉድፍ ወጥቶብኝ ቤት ተዘግቶብኝ ከርሜያለሁ። እንግዲህ እሱ ነው አለኝ፤ ያኔ ጨርሶ አልለቀቀህም፣ ሰውነትህ ውስጥ ተኝቶ ኖሮ ስትደክም ተነሳ። ወገብህንም አይዞርም፣ በአንድ ጎን ተወስኖ ይደርቃል። “ምስኪን የሌሊት ወፍ” አለ፣ መድኃኒቱን ሲሰጠኝ። እውነትም ከአከርካሪዬ አላለፈም። ደረቀ፣ ቅርፊቱ ወደቀ፣ ጠባሳው ቀረ።

ለዚህ ነው እንግዲህ የወሎው ሰው የተያዘው። ለምንም።

ተርሂል ውስጥ ወራት ቆየ። ስልክ አልነበረውም። እኔም በእነዚያ ወራት የምነግረውን አዘጋጅቼ ጨረስኩ። ፋርማሲስቱ ያለውን አንድ ሳልቀንስ እነግረዋለሁ፣ ቀጥሎ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ብቻዬን ስሆን በቃሌ እለማመደው ነበር።

የደወለው ከባቲ ነው። ድምፁ ቀጥኗል፣ ጉሮሮው ይከረክራል። ገና ሰላምታዬን ሳልጨርስ “ወንድሜ! አለህ አይደል? ጭራዋስ? ገጠመች?” አለኝ።

“አልገጠመችም” አልኩት።

“አልኩህ አይደል! አልኩህ አይደል!” አለና ቀጠለ። “ወላሂ ሌላ ነገር አልነበረም የማስበው። እዚያ ውስጥ ሰዉ ሁሉ በምን ተያዝክ ይባባላል። አንዱ በመንገድ፣ አንዱ በጥቆማ። እኔ ግን ወንድሜን ከሞት ሳወጣ ነው የተያዝኩት እላቸዋለሁ። እሱ ነው ያቆየኝ።”

ያዘጋጀሁት ቃል ሁሉ አፌ ላይ ነበር። ጉድፍ የምትለዋ ቃል ምላሴ ጫፍ ደርሳ ነበር። “ቀዳዳውን ከደፈንክባት በኋላ ቆመች። ባትደፍነው ኖሮ እኔ ዛሬ የለሁም” አልኩት።

ሳቀ። ከዚያ ከስልኩ ራቅ ብሎ ሲጣራ ሰማሁት፤ “እማ! ነይ! ያ ልጅ ድኗል!” ኮቴ ተሰማ። እናቱ ስልኩን ተቀበሉ። “አንተ ነህ ልጄ?” አሉኝ። አዎ እኔ ነኝ አልኩ። “እንኳን አላህ አተረፈህ። ሰዉ ሁሉ ልጅሽ ከአረብ አገር ባዶ እጁን ገባ ብሎ ሊያጽናናኝ መጣ። እኔ ግን የሰው ነፍስ አትርፎ ነው የመጣው፣ ምን ጎደለው አልኳቸው።” ከዚያ መመረቅ ጀመሩ። ዕድሜ ይስጥህ፣ አፊያ ይስጥህ፣ እጅህን ያፍታታልህ፣ ለእናትህ ያብቃህ። ምርቃት ሲወርድ ዝም አይባልምና ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ፣ ፊቴ እየነደደ፣ እስኪጨርሱ ድረስ አሜን፣ አሜን እያልኩ ቆምኩ።